የስብሰባ ብዛትና የእህል መዘግየት
(በዘመሮ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ማዕከል በዘመሮ ስለ ስብሰባ መናገር ስለ ገብስና ስለ ዝናብ መናገር ነው። የመንዝ ደጋ ገበሬ ኑሮ በእጅጉ የተመሠረተው በበልግ ገብስ ላይ ነው። ዘር ዘግይቶ የደረሰው ገበሬ የበልጉን ዝናብ መልሶ አያገኘውም። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ሁለት ሳምንት በቀጠሮ ሲያልፍ፣ በማሳው ላይ የወቅቱ ምርት በሙሉ ሊያልፍ ይችላል።

የስብሰባ ዋጋ በሒሳብ ይታያል። 20 ሠራተኞች ለ3 ሰዓት ቢሰበሰቡ 60 የሥራ ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ሠራተኛ ከ7 ቀን በላይ ሥራ ይወጣል። 100 ገበሬዎች ለግማሽ ቀን ቢጠሩ ደግሞ 50 የእርሻ ቀን ይባክናል።

መዘግየት ምን እንደሚያስከትል የ1976 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ አስተምሯል። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን ሰብስቦ 450 ሺህ ቶን እህል ጠየቀ። የዚያ ዓመት በልግ ከሸፈ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ተከበረ። ዓለም በስፋት የተንቀሳቀሰው ግን የረሃቡ ፊልም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከታየ በኋላ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተነግሯል፤ ጉባኤውም ተካሂዷል፤ እህሉ ግን በወቅቱ አልደረሰም።

የተሻለ ምሳሌ ከዚሁ ከመንዝ ይገኛል። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ጓሳው ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲበረታ፣ ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች የሚከፈትበትን ቀን ቆርጠው ያስታውቃሉ፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣል። ኃላፊው የታወቀ፣ ቀኑ የተቆረጠ፣ ውሳኔው የሚፈጸም ነበር።

ከዚህ በመነሣት ለሥራ መሪዎች የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

1ኛ/ በደብዳቤ ወይም በስልክ ለሚያልቅ ጉዳይ ስብሰባ አይጠራ።

2ኛ/ አጀንዳው የሚወሰንበትን ጥያቄ ለይቶ አስቀድሞ ይሰራጭ፤ የሚጠሩትም የሚወስኑትና የሚፈጽሙት ብቻ ይሁኑ።

3ኛ/ የመጀመሪያና የማብቂያ ሰዓት ይከበር።

4ኛ/ ቃለ ጉባኤው ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚፈጽም ይመዝግብ፤ ቀጣዩ ስብሰባ ከዚያ ይጀምር።

5ኛ/ ገበሬው በእርሻና በአረም ወቅት አይጠራ፤ ሥራ በማይሠራባቸው የበዓል ቀኖች ማወያየት ይቻላል።

ይህ ማለት ግን ስብሰባ ይቅር ማለት አይደለም። የተረጂዎች ምልመላ በሕዝብ ፊት ካልተካሄደ አድልዎ ይገባዋል፤ ድሃዋም መበለት የምትከራከርበት መድረክ ታጣለች። ለእንዲህ ያለው ጉባኤ ጊዜ የሚገኘው ግን ከንቱው ሲቀነስ ነው።

«ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ይላል ሕዝባችን። በአህያ ተጭኖ ከተራበው ወገን ደጅ የሚደርሰው እህሉ ነው። የእያንዳንዱ ስብሰባ ጥቅምም መመዘን ያለበት፣ ይህ ጭነት በስንት ቀን ቀድሞ እንዲደርስ አደረገ በሚል ነው።