ከአስጎብኚው ዝምታ የተማርኩት፦ በስሪላንካ የአሥራ አንድ ቀናት የቡድን ጉዞ



ዛሬ የማቀርበው እንደ ወትሮው በሠንጠረዥና በንድፈ ሐሳብ የታጀበ ጥናት አይደለም፤ የአንድ ጉዞ ምስክርነት ነው። ለአሥራ ስምንት ዓመታት አስጎብኚዎችን አሠልጥኛለሁ። በእንግዳ ፊት እንዴት እንደሚቆሙ፣ ድምፃቸውን እንዴት እንደሚመጥኑ፣ ዘመንና ስም እንዴት እንደሚያስታውሱ አስተምሬአለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን እኔ ራሴ ገንዘብ ከፍዬ፣ ወደማላውቀው አገር ሄጄ፣ በሌላ ሰው ቃል ብቻ ተመርቼ አላውቅም ነበር። ወጡን ሳይቀምስ ስለ ጨው መጠን እንደሚያስተምር ሰው ነበርኩ። ወደ ስሪላንካ የሄድኩት ይህን ጉድለት ለማረም ነው። ስመለስ ግን ያልጠበቅሁትን ሌላ ጉድለቴን ይዤ ተመለስኩ።

ስለምን ስሪላንካ? ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ደሴቲቱ ስፋቷ 65,610 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የኢትዮጵያን አሥራ ሰባተኛ ያህል ብትሆን ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ነገሯ እኛን ይመስላል። ጥንታዊ የነገሥታት ከተሞች አሏት፤ ቅርሶቿም እንደ ላሊበላ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጭ ለብሰው የሚሳለሙባቸው ሕያው የአምልኮ ስፍራዎች ናቸው። ከ1983 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የእርስ በርስ ጦርነት አሳልፋለች። ጎብኚ ሲመጣ የሚጠግብ፣ ጎብኚ ሲቀር የሚራብ ብዙ ሕዝብ አላት።

ከዚህም በላይ የቆየ ትውውቅ አለን። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደብ አዱሊስን በዓይኑ ያየው ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ፣ በጽሑፉ ደሴቲቱን ታፕሮባኔ እያለ ይጠራታል። ሶጳጥሮስ የሚባል ነጋዴም ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ሆኖ ወደዚያ እንደ ተጓዘ ይተርካል። እንግዲህ በቡድን ሆኖ ወደዚህች ደሴት መሄድ ለእኛ ወገን አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ተማሪዎች ስላሉ፣ የአነስተኛ ቡድን ጉዞ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። አንድ ድርጅት አስቀድሞ የተወሰነ መርሐ ግብርና ዋጋ ያወጣል፤ ርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች በየፊናቸው ይመዘገባሉ፤ ቁጥራቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራ ስድስት አይበልጥም። አንድ ሚኒባስ፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ አስጎብኚ ይመደብላቸዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው የመኪናውንና የአስጎብኚውን ወጪ ከሌሎች ጋር ይጋራል። አርባ ሰው የጫነ አውቶቡስ በማይቆምበት የመንገድ ዳር ሻይ ቤት መቆም ይቻላል፤ አስጎብኚው የእያንዳንዱን ሰው ስም ያውቃል፤ ጥያቄም ይስተናገዳል። ድርጅቶቹ የሚሸጡትም በዋናነት ይህንን ነው፤ «ከሕዝቡ ጋር ትቀራረባላችሁ» የሚለውን ተስፋ። እኔ ልፈትን የሄድኩት ይህን ተስፋ ነበር።

በእኛ ቡድን ውስጥ አሥራ ሁለት ነበርን። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ነበሩበት፤ ከአፍሪካ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አስጎብኚያችን ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ፣ ረጋ ያሉ፣ ቀልዳቸውን በቁጥብነት የሚሰነዝሩ ሰው ነበሩ። ስማቸውንና የድርጅታቸውን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱ ቆየት ብሎ ይገባችኋል።

የመጀመሪያው መዳረሻችን አኑራድሃፑራ ነበር፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የነገሥታት መናገሻ የነበረች ከተማ። እዚያ ያለው ቅዱስ የቦ ዛፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከህንድ በመጣ ቅርንጫፍ እንደ ተተከለ ይታመናል። አስጎብኚያችን ስለ ዛፉ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያም ንግግራቸውን አቁመው «አሁን ሰዎቹን ተመልከቱ» አሉን። አበባ ይዘው የሚመጡትን እናቶች ለሩብ ሰዓት በዝምታ ተመለከትን። በልቤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። አስጎብኚ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ማወቁ ትልቅ ጥበብ ነውና። ዝምታ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አለመሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

በሦስተኛው ቀን ሲጊሪያ ደረስን። ንጉሥ ካሽያፓ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ቤተ መንግሥቱን የሠራበት፣ ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ ግዙፍ ዐለት ነው። ብዙ ሰው የሚወጣው በዐለቱ ላይ የተሳሉትን ሴቶች ለማየትና ከአናቱ ላይ ቆሞ ፎቶ ለመነሣት ነው። እኔን የያዘኝ ግን «የመስታወት ግድግዳ» የሚሉት ነው። ንጉሡ ካለፈ በኋላ በነበሩት መቶ ክፍለ ዘመናት ዐለቱን ሊያዩ የመጡ ሰዎች በዚህ የተወለወለ ግድግዳ ላይ ግጥም ይጭሩበት ነበር። ሊቁ ሴናራት ፓራናቪታና 685ቱን አንብበው በ1956 እ.ኤ.አ. አሳትመዋቸዋል። ጸሐፊዎቹ ጎብኚዎች ናቸው፤ መነኮሳት፣ ወታደሮች፣ ሹማምንት፣ ሴቶችም አሉባቸው። ዛሬ ግድግዳውን መንካት ክልክል ነው፤ ተገቢም ነው። ግን አንድ ሐሳብ አሳደረብኝ። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረው ጎብኚ ያየውንና የተሰማውን በራሱ ቃል ትቶ ያልፍ ነበር። እኛ ዛሬ የምንተወው ቃል የት ይገኛል? በጉዞው ማብቂያ ላይ በምንሞላው የአስተያየት መስጫ ቅጽ ላይ ነው። ይህን ቅጽ በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከካንዲ ተነሥተን ወደ ደጋው በባቡር ወጣን። ኮረብታው ሁሉ በሻይ የተሸፈነ ነው፤ አረንጓዴው ልክ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። መርሐ ግብሩ ላይ «ከሻይ ለቃሚዎች ጋር መገናኘት፣ ሃያ ደቂቃ» የሚል ተጽፏል። ሚኒባሱ ቆመ፤ ቅርጫት የተሸከሙ አራት ሴቶች ከተዳፋቱ ወርደው ቀረቡን። ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ እንዴት እንደሚቀነጠስ አሳዩን፤ ፈገግ አሉ፤ ፎቶ ተነሡ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሴት እጃቸውን ዘረጉ። አንዳንዱ ጥቂት ገንዘብ ሰጠ፤ አንዳንዱ ዓይኑን አሸሸ። ሃያው ደቂቃ ሳይሞላ ወደ መኪናችን ተመለስን። እኔም ፎቶ አንሥቻለሁ። ከካሜራዬ በስተጀርባ ሆኜ ሳያቸው፣ በአገሬ መንገዶች ዳር የባዕድ ሰው መኪና ሲቆም የሚሮጡ ልጆችና እናቶች ትዝ አሉኝ። በዚያኛው ወገን ቆሜ ብዙ ጊዜ ተቆጥቻለሁ። በዚህኛው ወገን መቆም እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

መኪናው ውስጥ አስጎብኚያችንን «እነዚህ ሴቶች የት ነው የሚኖሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እዚሁ አካባቢ ነው» አሉና ወዲያው ስለ ቀጣዩ ፏፏቴ መናገር ጀመሩ። ሙያዬ ነውና ጥያቄን መሸሽ ሳይ አውቀዋለሁ።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ከየት እንደመጣሁ ያውቃሉና ስለ ቡና አነሣን። ታሪኩን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል። ያ ኮረብታ ከሻይ በፊት የቡና እርሻ ነበር፤ ከእኛው ደቡብ ምዕራብ ደኖች የፈለቀው ያው አረቢካ ቡና። እንግሊዞች ደኑን መንጥረው ቡና ተከሉ፤ ለሥራውም ከደቡብ ህንድ የታሚል ተወላጆችን አመጡ። በ1869 እ.ኤ.አ. የቅጠል ዝገት በሽታ ገባና በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ቡናውን አጠፋው። ጄምስ ቴይለር በ1867 እ.ኤ.አ. በሉለኮንዴራ መትከል የጀመረው ሻይ ቦታውን ወረሰ። ቡናው ሞተ፤ ስለ ቡናው የመጡት ሰዎች ግን ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝ በመርሐ ግብሩ ላይ የለም። አገሪቱ በ1948 እ.ኤ.አ. ነፃ በወጣች ዓመት የዜግነት ሕግ ታወጀ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሻይ እርሻ ታሚሎችም አገር አልባ ሆኑ። በ1964 እ.ኤ.አ. ስሪላንካና ህንድ ተዋውለው ሕዝቡን በቁጥር ተከፋፈሉት፤ ብዙዎች ወደማያውቁት «አገራቸው» ተላኩ። የመጨረሻዎቹ ዜግነት ያገኙት በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። «እናቴ ሻይ ለቃሚ ነበሩ» አሉኝ። «የተወለዱት እዚህ፣ የሠሩት እዚህ፣ የተቀበሩትም እዚህ ነው። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ግን የየትም አገር ሰው አልነበሩም። ዛሬ ያያችኋቸው ሴቶች የሚኖሩት እኔ በተወለድኩበት ዓይነት የመስመር ቤት ውስጥ ነው።»

ታዲያ ለምን ለቡድኑ አይነግሩም አልኳቸው። አንድ ጊዜ ነግረው ነበር። ከተጓዦቹ ሁለቱ «አስጎብኚው ዕረፍታችንን በፖለቲካ በከለው» ብለው በአስተያየት መስጫው ቅጽ ላይ ጻፉ። ነጥባቸው ወረደ፤ ለአንድ ወቅት ሥራ ሳይሰጣቸው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቦታ ላይ ስለ ቅጠሉና ስለ እምቡጡ ብቻ ይናገራሉ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በደቡቡ የባሕር ዳርቻ ፔራሊያ ላይ ቆምን። በታኅሣሥ 26 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ሱናሚው ባቡር አገላብጦ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው የፈጀበት ስፍራ ነው። እዚያ አስጎብኚያችን ረጅም ጊዜ ተናገሩ፤ የቡድኑ አባላት አለቀሱ፤ ማንም ዕረፍቴ ተበከለ አላለም። ያን ጊዜ የገባኝን እነሆ እላችኋለሁ፦ ባሕር ያደረሰው ጥፋት ለጎብኚ ይነገራል፤ ሕግ ያደረሰው ጥፋት አይነገርም። የመጀመሪያው ጎብኚውን ያሳዝነዋል፤ ሁለተኛው ግን ይጠይቀዋል። የጠጣው ሻይ፣ የተነሣው ፎቶ፣ የከፈለው ዋጋ በጥያቄው ውስጥ ይገባሉና።

ክቡራንና ክቡራት፣ እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሌሎች ነው። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከዓመታት በፊት በላሊበላ ሠልጣኞችን በተግባር እፈትን ነበር። አንድ ወጣት በቤተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ባለ ባዶ ስፍራ ቆመና «የአያቴ ቤት እዚህ ነበር» አለ። የአካባቢው ነዋሪዎች ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል እንዴት ወደ ሌላ ስፍራ እንደተዛወሩ፣ አያቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠዋት ጠዋት ወደዚያ እየመጡ ይቀመጡ እንደነበር ተረከ። ጥሩ አድርጎ ነው የተረከው። እኔ ግን በመመዘኛው ወረቀት ላይ «ከርእሱ ወጥቷል፤ የግል ጉዳይ ቀላቅሏል» ብዬ ጽፌ አሥር ነጥብ ቀነስኩበት። ወጣቱ አልተከራከረም፤ «እሺ፣ መምህር» ብቻ አለኝ። ያንን ቅጽ የሞላው ባዕድ ጎብኚ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ያን ልጅ ዝምታን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በስሪላንካው በረንዳ ላይ ያ «እሺ» ተመልሶ መጣብኝ።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛው የሥልጠናችን መመዘኛ ነው። «የግል ጉዳይ አይቀላቅልም» የሚለውን መስፈርት ከራሴ ኮርስ ላይ አንሥቻለሁ። በምትኩ «በስፍራው የሚኖሩትን ሰዎች አስታውሷል ወይ?» የሚል ጥያቄ አስገብቻለሁ። አስጎብኚ ሰባኪ ይሁን አላልኩም፤ የሚያውቀውን እውነት በጨዋነትና በልክ እንዲናገር ይፈቀድለት ነው የምለው።

ሁለተኛው የድርጅቶች አሠራር ነው። ለመኪና፣ ለአልጋና ለአስጎብኚው የሚሰጠው አስተያየት ተለያይቶ ይመዘን፤ አንድ ቅሬታ ሲመጣም አስጎብኚው ሳይጠየቅ እንጀራው አይቆረጥ። ሰዎች በሥራ ላይ ሳሉ የምናስጎበኝ ከሆነ ፈቃዳቸው ቀድሞ ይጠየቅ፤ ክፍያውም በዘፈቀደ በተዘረጋ እጅ ላይ የሚጣል ሳንቲም ሳይሆን አስቀድሞ የተስማሙበት ይሁን።

ሦስተኛው የእኛ የተጓዦች ነው። ቡድን ማነሱ ብቻውን ከሕዝብ ጋር አያቀራርብም። አሥራ ሁለት ሆነንም ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር የቆምነው። ይሁንና በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ለመጠየቅና ለመስማት ዕድል የሰጠኝም ያው የቡድኑ ማነስ ነው። ዕድሉን መጠቀም የተጓዡ ፈንታ ነው።

በመጨረሻው ዕለት በኮሎምቦ ቅጹ ታደለን። አስጎብኚያችንን ለብቻቸው «ምን ልጻፍ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉና «መኪናው ንጹሕ ነበር ብለው ይጻፉ፤ ሌላውን ለተማሪዎችዎ ይንገሩ» አሉኝ። መኪናው ንጹሕ ነበር ብዬ ጻፍኩ። ሌላውን ደግሞ እነሆ ዛሬ ነገርኳችሁ።

ያን የላሊበላ ወጣት ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ አሁንም በአስጎብኚነት ይሠራል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ለተማሪዎቻችን ንግግር እንዲያደርግ ጋብዤዋለሁ፤ ርእሱንም እርሱ ራሱ ይመርጣል።