ስልኩ ያላየው ቁንጭር

በ1998 ዓ.ም. የሕክምና ተመራቂዎች የ20ኛ ዓመት መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር

አዘጋጆቹ «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። ጎንደር ላይ አሥር ደቂቃ ስንት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን እሞክራለሁ።

የማወራው ስለ ቆዳና ስለ ካሜራ ነው። ባለፈው ክረምት ከደባት በላይ ባለ ደጋ የሚሠራ አንድ ወጣት ጤና መኮንን በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አፍንጫዋና ጉንጯ ላይ ያበጠ፣ ቅርፊት የያዘ ቁስል አለ። ከፎቶው ሥር «ዶክተር፣ አፑ ኤክዚማ ነው ይላል፤ ቅባት ጀምሬላታለሁ፣ ግን እየባሰ ነው» ብሎ ጽፏል።

እኔም ጥያቄ ጀመርኩ። ስንት ጊዜ ሆናት? ሰባት ወር። ያማታል? አያማትም። ያሳክካታል? ብዙም አይደል። ቤታቸው የት ነው? ገደል ሥር። ሽኮኮ አለ? «ኧረ ዶክተር፣ ሽኮኮማ ሞልቷል!» አለኝ። በቃ፣ አስመጣት አልኩት። ከቁስሉ ዳር ተፍቆ፣ ጊምዛ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥገኛው ተገኘ። ቁንጭር ነው። አፑ ከዘረዘራቸው አምስት አማራጮች ውስጥ ቁንጭር አልነበረም።

በዚህ ልጁን አልወቅሰውም። ይህ ግቢ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው እኮ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ ሐኪም ወደሌለበት ለመላክ ነበር። የደንቢያው ወባ ገና ከሰው አእምሮ ሳይወጣ። ልጁ ብቻውን ሆኖ የሚያማክረው ሲያጣ ስልኩን አማከረ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነበር።

ታዲያ ስልኩ ለምን ሳተ? እነዚህ ፕሮግራሞች የሚያውቁት የታዩትን ያህል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 129,450 ፎቶዎች ያስተማሩት ኮምፒዩተር የቆዳ ካንሰርን በመለየት ከ21 የቆዳ ስፔሻሊስቶች ጋር እኩል መቆሙን አሳተሙ። ዓለም ተደነቀ፤ እኔም ተደንቄያለሁ። በ2022 ደግሞ እዚያው ስታንፎርድ ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በናሙና ምርመራ የተረጋገጡ 656 ፎቶዎች ከቀላል እስከ ጥቁር ቆዳ ሰብስበው ታዋቂ ፕሮግራሞችን ፈተኗቸው። ጥቁር ቆዳ ላይ ውጤታቸው ወረደ። ደስ የሚለው፣ ፕሮግራሞቹን በእነዚሁ ፎቶዎች መልሰው ሲያስተምሯቸው ልዩነቱ ጠበበ። ስለዚህ ችግሩ የሚድን ነው፤ መድኃኒቱ ፎቶ ነው።

ብርሃን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሜላኒን ብዙውን ይውጠዋል። መጽሐፉ «ቀይ» የሚለው እብጠት እኛ ላይ ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ፣ አንዳንዴም አመድማ ነው። በኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ የምንሰካው ኦክስጅን መለኪያም ከዚሁ ዘመድ ነው፤ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መሣሪያው የተደበቀ የኦክስጅን እጥረትን ጥቁሮች ላይ ከነጮች ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚስት አሳይቷል። እንደው ስንቱን «ደህና ነህ» ብለን ሸኝተን ይሆን?

ግን በማሽን ብቻ አንፍረድ። እኛስ በምን ተማርን? ሥዕሉ ሁሉ ሮዝ ቆዳ ከነበረ መጽሐፍ አይደል! በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው ጤና ጣቢያ፣ ፊቱና ጆሮው በእብጠት የተሞላ አንድ ገበሬ መጣ። በጥጥ ነካ አድርጌ ስሜቱን ሳልፈትን፣ ነርቩን ሳልዳብስ፣ ቤተሰቡ ፊት «የሥጋ ደዌ ይመስላል» አልኩ። ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ ተመርምሮ ቁንጭር መሆኑ ታወቀ፤ ያ በሰውነት ላይ የሚሠራጨው ዓይነት። እስከዚያ ድረስ ግን የቡና ስኒው ተለይቶ ነበር። ሊያሳየኝ ሲመለስ «እቴ፣ በሽታውስ ይሁን፤ ስሙ ነው የጎዳኝ» አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ መምህሮቼ ፊት ተናገርኩት።

ስለዚህ ካሜራ ሲመጣ የምፈራው እንዲህ ያለ ችኮላ ነው። ካሜራ አይዳብስም። የሥጋ ደዌ ነጣ ያለ ቆዳ መደንዘዙን የሚናገረው ጥጥ እንጂ ምስል አይደለም። ሽኮኮ መኖሩንም አፑ አልጠየቀም። ሆኖም ለአንድ ጤና መኮንን «ይህ ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ ቅባቱን ተውና ናሙና ላክ» የሚለው መሣሪያ ቢኖር ያቺ ልጅ ወራት አትቆይም ነበር።

ይህ ደግሞ ሕልም አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻችን በስልክ ፎቶና በታካሚው መረጃ አምስት የቆዳ በሽታዎችን የሚለይ ሥርዓት ሠርተው በ2022 አሳትመዋል። እኛ ጋ ቁንጭሩ አለ፣ የሌይሽማኒያ ማዕከሉ አለ፣ የኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ አለ። ፎቶውም አለ፤ ግን የት? እያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ፣ ከልጆቻችን የልደት ፎቶ ጋር ተደባልቆ! የማይክሮስኮፕ ውጤቱ ሌላ መዝገብ ላይ፣ የመጣበት ቀበሌ ጭራሽ የትም። ፈቃድማ አይነሳ።

የልጅቷ እናት ፎቶ ሳነሳት «ይኸ ወዴት ነው የሚሄድ?» አለችኝ። ለሕክምና ነው አልኳት። «የሕክምናውንስ አወቅሁ፤ ኋላስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ፊት ነው እኮ፤ ነገ የምታገባ ልጅ ፊት።

ልጅቷ የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌዋን 28 ቀን በየቀኑ ወስዳለች። መርፌው ያማል፤ አላለቀሰችም ብል ውሸት ነው። ቁስሉ ደርቋል፣ ጠባሳው አለ።

ለእናቷ የሚመልስ አንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ በአማርኛ አርቅቄያለሁ፤ ፎቶው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ቤተሰቡ ሲፈልግ እንዴት እንደሚሰረዝ የሚል። ሻይ ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። መምህራን፣ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ አርሙልኝ።