የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናና የሠፈራችን ወጣቶች
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በትምህርት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



 የትምህርት ኮሚቴው ዛሬ ሊያነጋግራችሁ የፈለገው ስለ አንድ ፈተና ነው። ይኸውም በዚህ በአሜሪካ አገር ሕግ ለመማር የሚፈልግ ሰው የሚፈተነው፣ ኤልሳት የሚባለው ፈተና ነው። በሥራ ምክንያት ላልተገኙት ነዋሪዎች እንዲደርሳቸው ንግግሩ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ይለጠፋል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ለሁለትና ለሦስት ልጅ ፈተና ሠፈሩ ሁሉ ለምን ይጨነቃል?» የሚሉ አባሎች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታዲያ መልሳችን ከየቤታችን የፖስታ ሣጥን ይጀምራል። የኪራይ ውል፣ ከቤት የማስወጣት ማስጠንቀቂያ፣ የመኪና አደጋ ክስ፣ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ የማይመጣበት ቤት የትኛው ነው? በወንጀል ለተከሰሰ ድኻ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን በጠቅላላው ሲታይ «ጠበቃ የማቆም መብት አለህ» ይባላል እንጂ የጠበቃውን ዋጋ መንግሥት አይከፍልም። ስለዚህ ደብዳቤውን የሚያነብልን ማን ነው? ብዙ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ከዚያም የባሰው፣ ጠበቃ ሳይሆን «ወረቀት አስተካክላለሁ» ለሚል ሰው ገንዘቡን አስረክቦ የቀጠሮው ቀን የሚያልፍበት አለ። አባቶቻችን በፍርድ ከሄደችው በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦ ታሳዝናለች ያሉት እኮ እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ቋንቋችንን የሚያውቅ ጠበቃ በመካከላችን ቢኖር ጥቅሙ ለእሱ ብቻ አይደለም።

ፈተናው ምንድን ነው?

በአገራችን ሕግ የሚማር ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኋላ፣ አስቀድሞ ሌላ ዲግሪ ሳይዝ፣ በዩኒቨርስቲ ሕግ ይማራል። እዚህ ግን መጀመሪያ በማናቸውም የትምህርት ዓይነት የኮሌጅ ዲግሪ ይያዛል፤ ሕግ ከዚያ በኋላ ነው። የቀን ተማሪ በ3 ዓመት፣ በትርፍ ጊዜው የሚማር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ዓመት ይጨርሳል። ወደዚያ የሚያስገቡት ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ናቸው፤ አንደኛው የኮሌጅ አማካይ ውጤት፣ ሁለተኛው ኤልሳት። በኤልሳት ፈንታ ጂ-አር-ኢ የሚባለውን ፈተና የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ሁሉም ግን አይቀበሉም።

ኤልሳት ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈተና ነው። የሚሰጠው ነጥብ ከ120 እስከ 180 ነው፤ የተፈታኙ መካከለኛ ነጥብ ከ150 ትንሽ ከፍ ይላል። የሕግ ዕውቀት አይጠየቅበትም፤ አንድም አንቀጽ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ሁለቱ የክርክር አመዛዘን ናቸው፤ አንዱ አንብቦ መረዳት ነው። አራተኛው ለወደፊት ፈተና መሞከሪያ ስለሆነ ነጥብ አይያዝበትም፤ ግን የትኛው እንደሆነ ለተፈታኙ አይነገረውም። ስለዚህ ሁሉንም እኩል መሥራት ግድ ነው። ከዚህ ሌላ ለብቻው የሚጻፍ የክርክር ጽሑፍ አለ፤ ነጥብ ባይሰጠውም ወደ ትምህርት ቤቶቹ ስለሚላክ መናቅ የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። «ሎጂክ ጌምስ» ይባል የነበረው የእንቆቅልሽ ክፍል ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ወይም በርካሽ የተገዛ አሮጌ መጽሐፍ በእጁ ያለ ወጣት ያንን ክፍል ይለፈው። የቀሩት ክፍሎች ግን አሁንም ያገለግላሉ።

የክርክር አመዛዘኑ ለእኛ ሕዝብ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዱሮው ችሎት «ተጠየቅ» እየተባለ፣ በልሃ ልበልሃ ሲሟገቱ የባላጋራን ቃል ይዞ ቀዳዳውን መፈለግ ትልቅ ሙያ ነበር። ፈተናው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። አንድ ምሳሌ እንስጥ። «በሠፈራችን ኪራይ የተጨመረባቸው ቤቶች ሁሉ አዲስ ማሞቂያ የገባላቸው ናቸው። ስለዚህ አዲስ ማሞቂያ የገባለት ቤት ሁሉ ኪራዩ ይጨምራል።» ስንሰማው ልክ ይመስላል፤ አይደለም እንዴ? ግን አይደለም። ማሞቂያ ገብቶለት ኪራዩ እንደነበረ የቀረ ቤት ሊኖር ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለዚያ ቤት ምንም አላለም። ሁለተኛ ምሳሌ፦ «ቤተ መጻሕፍት ሄደው ያጠኑ ልጆች እቤት ካጠኑት የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ስለዚህ ልጁን ቤተ መጻሕፍት ብንልከው ውጤቱ ይሻሻላል።» ምናልባት ወደዚያ የሄዱት ከመጀመሪያውም ትጉሆቹ ልጆች ይሆናሉ። ሁለት ነገር አብሮ ስለታየ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ወላጆች በቡና ላይ እንዲህ ያለውን ነገር ከልጆቻቸው ጋር ቢከራከሩበት ትምህርት ነው፤ በአማርኛም ቢሆን አእምሮን ይስላል።

ዝግጅቱ እንዴት ይሁን?

አንደኛ፤ ሳያጠኑ በፊት አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓት መሥራት ነው። ነጥቡ ቢያንስም አያስደንግጥ፤ ከየት እንደምንነሣ ለማወቅ ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ሎው-ሐብ በሚባለው ገጹ ላይ እውነተኛ የቀድሞ ፈተናዎችን ያለ ክፍያ ለመለማመጃ ይሰጣል። ውድ ኮርስ ከመግዛት በፊት ከዚያ ይጀመር።

ሁለተኛ፤ እየሠራ የሚማር ወጣት ከአምስት እስከ ስድስት ወር፣ በሳምንት አሥር ሰዓት ያህል እንዲመድብ እንመክራለን። ቅዳሜ አሥሩን ሰዓት በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ መጀመሪያ ያለ ሰዓት፣ ቀጥሎ በሰዓት ይሠራ። አንዱ የክርክር ክፍል 25 ያህል ጥያቄ ስላለው ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ከደቂቃ ተኩል ያነሰ ጊዜ ነው። የንባቡ ክፍል አራት ምንባብ ስላለው ለአንዱ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በግምትም ቢሆን ይሞላ።

አራተኛ፤ የስሕተት ደብተር ይያዝ። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። የሳቱትን ጥያቄ ትክክለኛ መልስ አይቶ «እሺ» ብሎ ማለፍ አያስተምርም። የመረጥኩት ለምን ስሕተት ሆነ፣ ትክክለኛውስ ለምን ትክክል ሆነ፣ በምን አታለለኝ የሚለው በራስ አነጋገር ይጻፍ። ከአንድ ወር በኋላ ደብተሩን ያገላበጠ ሰው የገዛ ድካሙን ያውቀዋል።

አምስተኛ፤ እንግሊዝኛን በልጅነታቸው ላልጀመሩት ወንድሞችና እኅቶች የምንለው አለ። ፈተናው ለሕመምና ለአካል ጉዳት እንጂ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ ብሎ ተጨማሪ ሰዓት አይሰጥም። ስለዚህ እነሱ ቀደም ብለው፣ አንድ ዓመትም ቢሆን፣ የሳይንስ፣ የታሪክ፣ የሕግና የኪነ ጥበብ ጽሑፍ ማንበብ ይጀምሩ። ምንባቦቹ ከእነዚሁ የሚወሰዱ ናቸው።

በመጨረሻም ሳይዘጋጁ «እስቲ ዕድሌን ልሞክር» ማለት አይጠቅምም። አንድ ሰው በሕይወቱ ፈተናውን የሚወስደው ቢበዛ 7 ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከመጸው ጀምሮ ሲሆን ብዙዎቹ እንደ ደረሰው ስለሚወስኑ፣ ለሚመጣው ዓመት የሚያመለክት ሰው ከዚያ በፊት ባለው በጋ ፈተናውን ቢጨርስ ይመረጣል።

ስለ ገንዘብ

መፈተኛው ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ ማስረጃ ለትምህርት ቤቶች የሚያስተላልፈው አገልግሎትም እንዲሁ ከ200 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ አመልካች ከክፍያ ነጻ እንዲሆን ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ለመጠየቅ ማፈር አይገባም፤ የሚጠየቀው ግን ከመክፈሉ በፊት፣ ቀኑ ሳይደርስ ነው።

ትልቁ ዕዳ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሐምሌ 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዳዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለውን ብድር አስቀርቶ የሕግ ተማሪ ከመንግሥት የሚበደረውን በዓመት 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ወስኖታል። በዚህም ምክንያት የፈተናው ነጥብ ከመግባት አልፎ የነጻ ትምህርት ዕርዳታ ጉዳይ ሆኗል። ጥቂት ነጥብ መጨመር ብዙ ሺህ ዶላር ሊያድን ይችላል። ዕርዳታው ግን «ይህን ያህል ውጤት ካመጣህ» በሚል ሁኔታ የታሠረ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት እንዳይሆን። እያንዳንዱ የታወቀ የሕግ ትምህርት ቤት የዕርዳታውን ሁኔታና የተመራቂዎቹን የጥብቅና ፈተና ውጤት በየዓመቱ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ወላጆች የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ አይዩ፤ እነዚህን ቁጥሮችም ያንብቡ። በአካባቢያችንም በዋሽንግተን ከ1869 ጀምሮ ያለው የሆዋርድ ዩኒቨርስቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ የከተማው የሕዝብ ዩኒቨርስቲም የራሱ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ በማታ የሚያስተምሩም አይጠፉም።

በአገር ቤት በሕግ ተመርቃችሁ እዚህ ታክሲ የምትነዱ ወይም መኪና ማቆሚያ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች አላችሁ። ለእናንተ ሌላ መንገድ አለ። ኤልኤልኤም ለሚባለው የአንድ ዓመት ያህል ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ኤልሳት አይጠየቅም። እንደ ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ቦታዎች በውጭ አገር ሕግ የተማረ ሰው የተወሰነ ተጨማሪ ትምህርት ወስዶ የጥብቅና ፈተናውን እንዲፈተን የሚፈቅዱበት ደንብ አላቸው። ከአገር ቤት የሚመጣው ማስረጃ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ገንዘቡ ሳይሟላም ቢሆን ማስረጃውን ከወዲሁ መጠየቅ ይበጃል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ወጣቱ የጎደለው ጭንቅላት አይደለም፤ ጸጥ ያለ ጊዜ ነው። ጥናት ላይ የተቀመጠች ልጅ «ነይ ይህን ደብዳቤ አንብቢልኝ»፣ «እንግዳ መጥቷል ቡና አፍይ»፣ «ወንድምሽን አድርሺው» እየተባለች ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሳትነሣ መዋል አልቻለችም። ልጁ በዚያው ቤት ሳለ ሳይጠራ ይቀራል፤ ልጅቷ ግን ትጠራለች። ይህንንም ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገር ለውሳኔ ያቀርባል።

፩. የማኅበሩ አዳራሽ ቅዳሜ ጧት ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ለጥናት ብቻ ይሁን። በዚያ ሰዓት ስብሰባም ሆነ የሠርግ ዝግጅት አይደረግበት።

፪. እንግሊዝኛ የሚያነቡ አዋቂዎች ተራ ገብተው እሑድ ከሰዓት በኋላ የነዋሪውን ደብዳቤ ያንብቡ። ሸክሙ ከልጆቹ ላይ ይነሣ። ጉዳዩ ጠበቃ የሚያስፈልገው ከሆነም ተራ የደረሰው ሰው ምክር ሳይሰጥ ወደ ነጻ የሕግ ዕርዳታ ይምራ።

፫. መጽሐፎችን በጋራ ገዝተን በአዳራሹ እናስቀምጥ።

ከዚህ በተረፈ ወላጆችን አንድ ነገር እንለምናለን። «ስንት አመጣች?» የሚለው ጥያቄ በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም ይቅር። ነጥቧን መናገር ከፈለገች ራሷ ትናገራለች። ሕግ መማር የማይፈልገውንም ልጅ «ጠበቃ ካልሆንክ» ብሎ ማስጨነቅ አይገባም፤ ለሌላ ሙያም ሰው ያስፈልገናል።

በሦስቱ ነጥቦች ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጣል። ተቃውሞ ያለው አባል ቀርቦ ይናገር፤ ክርክር ባህላችን ነው። መመዝገብ የሚፈልጉ ወጣቶች ከስብሰባው በኋላ በአዳራሹ በር አጠገብ ከተቀመጠው መዝገብ ላይ ስማቸውን ያስፍሩ።



የትምህርት ኮሚቴው