ስለ ቋንቋ ችሎታ ምስክርነት
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለወላጆችና ለሰንበት ተማሪዎች የተነገረ



በቅኔ ቤት ሥርዓት መምህሩ ደቀ መዝሙሩን «ስንት ዓመት ተቀመጥህ?» ብሎ አይመዝነውም፤ «ተቀኝ» ይለዋል እንጂ። ከዋሸራ የመጣውም ሆነ ከጎንጅ የመጣው ተማሪ ከ2 ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በ3 ቤት ዘአምላኪየ አልፎ፣ 8 ቤቱን መወድስ ሳያጎድል ባሰማ ጊዜ ሙሉ ቤት ደረሰ ይባላል። አንዱ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ሌላው ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ብዙ ክረምት አሳልፎ ሳይደርስ ይቀራል። ምስክሩ ከአፉ የሚወጣው ቃል ነው፤ የተቀመጠበት ዘመን አይጠየቅም።

የአሜሪካ ተማሪ ቤቶች ግን ብዙ ዘመን የሄዱት በሌላ መንገድ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1906 ወዲህ በካርኔጊ ስም የሚጠራው መለኪያ ስለ ተስፋፋ፣ ትምህርት የሚቆጠረው በሰዓት ሆነ፤ ይኸውም አንድን ትምህርት 120 ሰዓት ያህል የተከታተለ ተማሪ አንድ ክፍል እንደ ፈጸመ ይቆጠርለታል ማለት ነው። ለሒሳብና ለታሪክ ይህ ልማድ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። ቋንቋን ከእናቱ ጉልበት ላይ ለተማረ ልጅ ግን መለኪያው ጠማማ ነው፤ እርሱ የተማረበትን ሰዓት የቈጠረለት ደወል የለምና።

በዋሽንግተን ስቴት፣ በሲያትልና በዙሪያዋ፣ አማርኛ የሚናገሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ተቀምጠዋል። በዚያ አገር ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ወጥቶ የስቴቱን ዩኒቨርሲቲ የሚሻ ልጅ የውጭ ቋንቋ 2 ክሬዲት ይጠየቃል። ስለዚህም በቤቱ አማርኛ ሲሰማ ያደገው ልጅ 2 ዓመት ሙሉ የእስፓንያን ቋንቋ ከሰላምታው ጀምሮ ሲቆጥር ይከርማል። እስፓንኛ መማር ነውር ሆኖ አይደለም። ነገር ግን አያቱ ከጎጃም ወይም ከወሎ በስልክ ስትጠራው «እሺ» ከማለት በቀር ቃል የሚያጣ ልጅ፣ ያንኑ 2 ዓመት በእርስዋ ቋንቋ ላይ ቢያውለው ምን ያህል በተጠቀመ ነበር!

አሁን ግን መንገዱ ተከፍቷል። ተማሪው በክፍል ሳይቀመጥ በቋንቋው ይፈተናል፤ በችሎታውም መጠን ክሬዲት ይሰጠዋል። አማርኛም ፈተና ከተዘጋጀላቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የችሎታው ደረጃ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የላቀ እየተባለ ይጠራል፤ እያንዳንዱም ደግሞ ታች፣ መካከልና ላይ ተብሎ ይከፈላል። በዋሽንግተን ስቴት ከጀማሪው መካከል የደረሰ 1 ክሬዲት፣ ከጀማሪው ላይ የደረሰ 2፣ ከመካከለኛው ታች የደረሰ 3፣ ከመካከለኛው መካከል የደረሰ 4 ክሬዲት ያገኛል። ከዚህም ጋር የሁለት ቋንቋ ማኅተም የሚባል አለ፤ ካሊፎርንያ በ2011 በሕግ አቆመችው፣ ዋሽንግተንም በ2014 ተከተለች። ይህ ማኅተም በእንግሊዝኛም በሌላውም ቋንቋ ለበረታ ተማሪ የሚሰጥ ምስክርነት ነው።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ «ልጄማ አማርኛ ይችላል» ብለውም ይልኩታል። ወዮታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፈተናው መናገርን ብቻ ሳይሆን መጻፍንም ይጠይቃልና። የተማሪ ቤት ወረዳዎች እንዲከተሉት የወጣው የደንብ ናሙናም ክሬዲቱ የሚሰጠው ሁሉም ችሎታ አብሮ በሚደርስበት በዝቅተኛው ደረጃ ነው ይላል። በንግግር ከመካከለኛው መካከል የደረሰ ልጅ በጽሕፈት ከጀማሪው መካከል ከቀረ፣ 4 ክሬዲት ሊያገኝ የሚችለው 1 ብቻ ይዞ ይመለሳል። «ቋንቋዬ አይረባም» ብሎም ያፍራል፤ የጎደለው ግን ቋንቋው አይደለም፣ ፊደሉ ነው።

እዚህ ላይ ቤተ ክህነትም ከወቀሳ አታመልጥም። የቀደመው ትምህርት ንባብን ያስቀድማል፤ ፊደል፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ዳዊት። ጽሕፈት ግን ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ ለብቻው የሚማሩት ጥበብ ነበረ። በዚህ ምክንያት ዳዊት ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ የሚያቅተው ሰው ጥቂት አልነበረም። በሰንበት ተማሪ ቤቶችም ዛሬ ይኸው ይታያል፤ ሕፃናቱ መዝሙሩን በቃላቸው ይዘው በዜማ ያሰማሉ፤ ትናንት የበሉትን በ3 መስመር ጻፉ ቢባሉ ግን ብዕሩ ከእጃቸው ይወድቃል።

ስለዚህ በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ከሚደረገው ትምህርት እኩሌታው ለጽሕፈት ቢሆን ይገባል። 231ዱን ፊደል ከነእርባታቸው መቁጠር መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ መለየትም ትልቅ ዕውቀት ነው፤ በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ማቃለል አይሆንለትም። ሆኖም ገና ሁለት ዐረፍተ ነገር ማያያዝ ያልቻለውን የ14 ዓመት ልጅ በዚህ ክርክር ማስጨነቅ ከደጃፍ መመለስ ነው። አስቀድሞ ይጻፍ፤ በኋላ ይታረማል። ደግሞም ፈተናው ብዙ ጊዜ በኮምፒዩተር ስለ ሆነ፣ ፊደሉን በጣቱ መምታት አስቀድሞ ይልመድ፤ ይህንም ከቀሳውስቱ ይልቅ የደብሩ ጐልማሶች ያውቁታል።

ወላጅም በበኩሉ የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር ወደ ተማሪ ቤቱ አማካሪ ሄዶ ፈተናው መቼ እንደ ሆነ፣ ወጪውንም ማን እንደሚከፍል ይጠይቅ፤ ይህ እንደየወረዳው ይለያያልና። በቤትም ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስ ዝም ብሎ ማለፍ ይቅር። አንቱታንም ያስተምሩት፤ ፈታኙ ባይጠይቀው አያቱ ትጠይቀዋለች።

የመጀመሪያውም የጽሕፈት ሥራ ሩቅ የሚፈለግ አይደለም። ልጁ ለአያቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ በገዛ እጁ ይጻፍ፤ መምህሩ ሳያርመው ይላክ፤ መልሱም ሲመጣ እርሱ ራሱ ለእናትና ለአባቱ ያንብብላቸው።