የብሔራዊ ባንክ የብድር ጣሪያና የዩኒየናችን የእህል ግዥ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በመኸር ወቅት አርሶ አደሩ ዘወትር የሚያነሳው ጥያቄ «ዩኒየኑ እህላችንን ለምን ቶሎ አይገዛንም?» የሚል ነው። ለግዥ የሚሆነው ገንዘብ በአብዛኛው ከባንክ በብድር ስለሚገኝ፣ የባንክ ብድር በምን ምክንያት እንደሚጠብና እንደሚሰፋ ማወቅ ይጠቅመናል።

የመስኖ ውኃ በዝቶ ማሳ እንዳያጥለቀልቅ የውኃ አባቱ ዋናውን ቦይ ያጠባል። የገንዘብ የውኃ አባት ብሔራዊ ባንክ ነው። ገንዘብ ከምርቱ በላይ ሲበዛ ዋጋ ይንራልና፣ በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። ዓላማው የዋጋ ግሽበት በሰኔ 2016 ከ20 ከመቶ በታች እንዲወርድ ሲሆን፣ በዚያ ወር 19.9 ከመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። ጣሪያው በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 ከመቶ ከፍ ተደርጎ ነበር።

በምሳሌ ብናየው፣ በሰኔ መጨረሻ ያበደረው ገንዘብ 100 ሚሊዮን ብር የሆነ ባንክ፣ በ14 ከመቶ ጣሪያ በቀጣዩ ሰኔ ከ114 ሚሊዮን ብር ማለፍ አይችልም። ቆጣቢ ብዙ ገንዘብ ቢያስገባለት እንኳ ጣሪያው ያግደዋል። ዋጋ ከዚህ በፈጠነ መጠን ሲጨምር ደግሞ፣ ያደገውም ብድር የሚገዛው ኩንታል ካለፈው ዓመት ያንሳል።

የባንኮች የበጀት ዓመት የሚጀምረው በሐምሌ ነው፤ የእኛ ግዥ ግን ከኅዳር በኋላ ይበረታል። ዘግይተን ስንቀርብ ቀድመው ያመለከቱ ድርሻቸውን ወስደው እናገኛለን። ዕዳና የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ያለበት አርሶ አደር እኛን አይጠብቅም፤ ዋጋ በወደቀበት ሰዓት እህሉን ለነጋዴ ይሸጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሒሳብ ምርመራው በጊዜ ተጠናቅቆ የብድር ጥያቄያችን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይቅረብ፤ በዚህ ረገድ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ እገዛ ወሳኝ ነው። ሁለተኛ፣ የወሰድነውን በወቅቱ እንመልስ፤ የተመለሰ ብድር ከጣሪያው በታች ቦታ ስለሚለቅ ባንኩ መልሶ ለማበደር ይችላል። ሦስተኛ፣ ዕጣ በመጨመርና ከትርፉ ከፊሉን ለካፒታል በማዋል የራሳችንን ገንዘብ እናሳድግ። ጣሪያው ሲጠብ የሚያሻግረን በካዝናችን ያለው ነው።

የብሔራዊ ባንክን ውሳኔ እኛ አንለውጠውም፤ የማዳበሪያና የሸቀጥ ዋጋ መረጋጋትም ለእኛው ይጠቅማል። ተራችንን ቀድሞ መያዝ ግን በእጃችን ነው።