ኩቤክ በአይሻ በርጫ ላይ

(በአይሻ ከተማ ለመምህራን፣ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ንግግሬን ወደ ሶማልኛ የሚመልስልኝ ወንድሜ አጠገቤ ስለቆመ ቶሎ ቶሎ ብዬ ካስቸገርኩት ከአሁኑ ይቅር ይበለኝ። እንድናገር ስጋበዝ ርዕሱን ራሴ እንድመርጥ ተነገረኝ። እኔም ካናዳ አልኩ። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ሳቁብኝ። «ውሃ ለመቅዳት ጀሪካን የሚያሰልፍ ሕዝብ ዘንድ ሄደህ ስለ በረዶ አገር ልታወራ ነው?» አሉኝ። ወዳጆቼ የአይሻን ሰው አያውቁትም። እኔ እዚህ ሦስት ቀን በርጫ ላይ ስቀመጥ ካናዳ ያልተነሳችበት አንድም ቀን አልነበረም። ቶሮንቶ ወንድም ያለው አለ። ኤድመንተን እህቱን የዳረ አለ። ኦታዋ ያለ የአጎቱ ልጅ ገንዘብ ላከልኝ፣ አልላከልኝም የሚልም አለ። የካናዳ ምርጫ ሲደርስ እዚህ አንዱ ሊበራል፣ ሌላው ኮንሰርቫቲቭ ሆኖ ይሟገታል። በ1993 እ.ኤ.አ. ከሞቃዲሾ ተሰዶ ካናዳ የገባው አሕመድ ሁሴን በ2015 ፓርላማ ገብቶ በ2017 የስደተኞች ጉዳይ ሚኒስትር መሆኑን ከእኔ በፊት እናንተ ታውቃላችሁ። ኩቤክ በ2019 ያወጣችው ሕግ አዲስ የምትቀጠር መምህርት ሒጃብ አድርጋ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳታስተምር መከልከሉንም ታውቃላችሁ። ትናንት በዚህ ጉዳይ ሁለት ወጣቶች እስኪጯጯሁ ተከራክረዋል። አንደኛው «የራሳቸው ክልል ነው፣ የራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ» አለ። ሌላው ደግሞ «ክልል ከሰው መብት በላይ ነው ወይ?» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፓርላማችን ውስጥ እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ እኔ መሀል ገብቼ፣ «እስቲ ስለ ራሳችሁ ወረዳ በጀት ተከራከሩ» ስላቸው ቤቱ ጭጭ አለ። አንዱ ጫቱን አየ፣ አንዱ በሩን አየ። ስለ ኩቤክ ሲሆን ድምፃችሁ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይሰማል። ስለ አይሻ ሲሆን በሹክሹክታ ነው። ይህን የምለው ልወቅሳችሁ አይደለም። ሰው በሩን የሚያየው ምክንያት ሲኖረው ነው። ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ በሩ ላይ የቆመውም ያውቀዋል።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ኩቤክ ነው። ካናዳ በ1867 እ.ኤ.አ. የተመሠረተች ፌዴሬሽን ናት። ኩቤክ አብዛኛው ነዋሪዋ ፈረንሳይኛ የሚናገር ክፍለ ሀገር ናት። «ቋንቋችንና ባህላችን በእንግሊዝኛ ባሕር ውስጥ ሊሰጥም ነው፣ ለብቻችን አገር እንሁን» የሚል ፓርቲ በ1976 ተመርጦ የክፍለ ሀገሩን ሥልጣን ያዘ። ልብ በሉ፣ ሊገነጥል የመጣ ፓርቲ ነው። ማንም ጽሕፈት ቤቱን አላሸገም። ያ ፓርቲ በግንቦት 1980 ሕዝበ ውሳኔ ጠራ። 59.56 በመቶው «አይሆንም» አለ። ፓርቲው ተሸነፈ፤ ግን መንግሥት ሆኖ ቀጠለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ተመረጠ።

ሁለተኛው ሕዝበ ውሳኔ ጥቅምት 30 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ተደረገ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 19 ቀን 1988 ዓ.ም. ማለት ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ወር ተኩል ቢሆነው ነው። ለምርጫ ከተመዘገበው ሕዝብ ከ93 በመቶ በላይ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። ውጤቱ «አይሆንም» 50.58፣ «ይሁን» 49.42 ሆነ። ልዩነቱ ከ55 ሺህ ድምፅ በታች ነው። ያን ዕለት አንድ ትልቅ አገር በአንድ ከተማ ሕዝብ ያህል ድምፅ ከመፍረስ ተረፈ። በማግስቱ ሰው ተነስቶ ሥራ ገባ። የ«ይሁን» ወገን መሪ ዣክ ፓሪዞ በሽንፈቱ ምሽት ያሸነፈን ገንዘብና የብሔረሰቦች ድምፅ ነው ብሎ ተናገረ። የራሱ ደጋፊዎች ሳይቀሩ አፈሩበት። በማግስቱ ከሥልጣን እንደሚወርድ አስታወቀ። እኛ አገር እንዲህ የተናገረ ባለሥልጣን የሚወርድ ይመስላችኋል? ይጨበጨብለታል እንጂ።

ድምፁ ሊሰጥ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ከመላው ካናዳ በአውቶቡስ፣ በባቡርና በአውሮፕላን የተጓዙ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞንትሪያል መሀል ተሰብስበው «አትሂዱብን» አሉ። የያዙት ባንዲራ ነው። ይህን ስሰማ እኔን የነካኝ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከመቀሌ ተነስቶ ጅጅጋ መጥቶ «አትሂዱብን፣ ያለ እናንተ እንጎድላለን» ያለ ሰው መቼ ነበር? ወደዚህ አገር በካሚዮን ሲመጣ የኖረው ሌላ ነገር ነው።

የእኛን ጉዳይ እንየው። አንቀጽ 39 ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ እስከ መገንጠል መብት አለው ይላል። ሥርዓቱንም ዘርዝሮታል። የጠያቂው ወገን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው ከደረሰው ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ አብላጫው ከደገፈ ሥልጣን ይተላለፋል፤ ንብረትም ይከፋፈላል። በካናዳ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለ መገንጠል አንዲት ቃል የለችም። የእነሱ ወረቀት ዝም ብሎ ሕዝባቸው ሁለት ጊዜ ተጠይቋል። የእኛ ወረቀት ሁሉን ተናግሮ፣ በአንቀጽ 39 መሠረት አንድም ጊዜ የተጠየቀ ሕዝብ የለም።

አንዳንድ ሰው «ኤርትራስ?» ይለኛል። የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ የተደረገው በሚያዝያ 1985 ዓ.ም.፣ ከሕገ መንግሥቱ በፊት ነው። ውጤቱ 99.83 በመቶ «ነፃነት» ነበር። ክልል ለመሆን የተደረገውን የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔም እንውሰድ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. 98.51 በመቶ ሆነ። የሕዝቡ ፍላጎት ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም፤ የሲዳማ ሕዝብ ክልሉን በእውነት ይፈልግ ነበር። ግን እስቲ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። 99.83፣ 98.51፣ 50.58። «አይሆንም» የሚለው ሰው መድረክ፣ ጋዜጣና ገንዘብ ተሰጥቶት ሲከራከር ቁጥሩ ወደ ሃምሳ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ቤት ባልና ሚስት ይለያያሉ። እኛ ዘንድ የሚታተመው ካርድ እንጂ ክርክሩ አይደለም።

ይህ ክልል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1986 ዓ.ም. የክልሉ ምክር ቤት በሽግግሩ ቻርተር የተጻፈውን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት አነሳ። መብቱን የጻፉት ሰዎች መልሱን በጠመንጃ ሰጡ። የክልሉ መሪዎች ተነሱ፣ ታሰሩ፤ ኦብነግ ጫካ ገባ፤ ጦርነቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ኦብነግ አቦሌ ላይ ዘጠኝ ቻይናውያንን ጨምሮ 74 ሰው ገደለ። ይህ ጀግንነት አይደለም፤ ማንም ቢያደርገው ግፍ ነው። ከዚያ የመጣው የመንግሥት ዘመቻም መንደር አቃጠለ፣ የምግብ መንገድ ዘጋ፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበውታል። በመጨረሻ የሰላም ስምምነት የተፈረመው አሥመራ ላይ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። የያኔው የክልሉ ፕሬዚዳንት ወንበራቸው ሲነቃነቅ አንቀጽ 39 ሊነሳ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ የፌዴራል ጦር ገባ። ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ ቄስ ተገደለ፣ ምስኪን ሰው አለቀ። ለሕዝብ የተጻፈ መብት ለአንድ ሰው ወንበር መደገፊያ ሲሆን ማለት እንዲህ ነው። የዚያን ጊዜ የአይሻን ሰው «ትገነጠላለህ ወይስ ትቀራለህ?» ብሎ የጠየቀ ነበር? የሶማሌን ሕዝብ ስም ጠርቶ የሚምል ሁሉ ሶማሌን አልጠየቀም።

ወደ ካናዳ ልመለስና አንድ የማይወራ ነገር ልንገራችሁ፤ ለእናንተ ዋናው እሱ ይመስለኛል። በሰሜን ኩቤክ ክሪ የሚባሉ ቀደምት ነዋሪዎች አሉ። ፈረንሳዮቹም እንግሊዞቹም ሳይመጡ እዚያ የነበሩ ናቸው። ኩቤክ ድምፅ ልትሰጥ ስድስት ቀን ሲቀራት የራሳቸውን ሕዝበ ውሳኔ አደረጉ። ከ96 በመቶ በላይ የሚሆኑት «ኩቤክ ብትሄድ እኛ አንሄድም» አሉ። ነገሩ ግልጽ ነው። ካናዳ የምትከፈል ከሆነች ኩቤክስ ለምን አትከፈልም? የክሪዎቹ ቁጥር 96 መሆኑ የእኔን የመቶኛ ነገር ያፈርሰዋል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ትንሽ ያፈርሰዋል። ግን እነሱ ድምፅ የሰጡት ከተሟገቱ በኋላ ነው።

ኢሳና አፋር ስለ ገዳማይቱ፣ ስለ ኡንዱፎና ስለ አዳይቱ ስንት ዓመት ደም ተቃቡ? በባለሥልጣናት የተደረገውን ስምምነት የሶማሌ ክልል በ2011 ዓ.ም. አልቀበልም አለ። ከኦሮሚያ ጋር በሚያዋስኑት ከ400 በላይ ቀበሌዎች በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ አብዛኞቹ ወደ ኦሮሚያ ሄዱ። ጉዳዩ ተዘጋ ተባለ። በ2010 ዓ.ም. መባቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከሁለቱም ወገን ተፈናቀለ። ሳጥን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። የተሸነፈው ቀበሌ ውስጥ የቀረው ሰው፣ ትንሹ፣ ዳሩ ላይ ያለው፣ ዋስትናው ማነው?

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነሐሴ 20 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. የመለሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ኩቤክ ብቻዋን ተነስታ በሕግ ልትገነጠል አትችልም አለ። ግን ግልጽ ጥያቄ ቀርቦ ግልጽ አብላጫ ሕዝብ እንሂድ ካለ፣ የቀረው ካናዳ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አይችልም፤ ቁጭ ብሎ የመደራደር ግዴታ አለበት አለ። ድርድሩም ፌዴራሊዝምን፣ ዴሞክራሲን፣ የሕግ የበላይነትንና የአናሳዎችን መብት መጠበቅ አለበት ብሏል። ግልጽ አብላጫ ስንት ነው? ዳኞቹ ቁጥር አልጠሩም። በ2000 እ.ኤ.አ. ፌዴራሉ ግልጽነቱን ፓርላማ ይወስናል የሚል ሕግ አወጣ፤ ኩቤክም ሃምሳ ሲደመር አንድ ይበቃል የሚል የራሷን ሕግ አወጣች። እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሳይስማሙ ይኖራሉ።

ካናዳ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። በጥቅምት 1970 እ.ኤ.አ. የኩቤክ ታጣቂዎች በኋላ የገደሉትን አንድ ሚኒስትር ሲጠልፉ መንግሥቱ የጦርነት ጊዜ ሕግ አውጆ ወደ 500 ሰው ያለ ክስ አፍሷል፤ ገጣሚና ዘፋኝ ሳይቀር። የቀደምት ነዋሪዎችን ልጆች፣ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ፣ ከእናት ጉያ ነጥቆ ቋንቋቸውን በሚያስረሳ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብቷል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቆሞ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው። ግፉን አደረጉት። ከዚያ ግን ኮሚሽን አቋቁመው የተበደለው ሰው እንዲናገር አደረጉ፤ 94 ጥሪዎችም ታተሙ። የጅጅጋው ጄል ኦጋዴን በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲዘጋ እኛም እንዲህ ያለ ነገር ተስፋ አድርገን ነበር። እዚያ ውስጥ የነበረ ሰው ቆሞ ሲናገር በሬዲዮ የሰማ ካለ እጁን ያውጣ።

የደገሃቡሩን ተወላጅ የበሽር ማክታልን ነገርም ልጨምር። የካናዳ ዜጋ ሆኖ በ1999 ዓ.ም. ከኬንያ ወደዚህ ተላልፎ ተሰጠ፤ በ2001 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2010 ተፈታ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኦታዋ ፓርላማ ውስጥ ስሙ ሲነሳ፣ ሚኒስትሮች ስለ እሱ ሲጠየቁ፣ በተወለደበት አገር ስሙን በርጫ ላይ የሚያነሳ አልነበረም። ስለዚህ ወጣቶቹ የካናዳን ፖለቲካ በመከራከራቸው አይገርመኝም። የእኛን ጉዳይ ሲከራከሩልን የኖሩት እዚያ ነው።

አባቶቼ፣ ለእናንተ ክርክር እንግዳ ነገር አይደለም። ሔር ኢሳ የሚባለው ሕጋችሁ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ያለ ወረቀት፣ በ44 ሽማግሌ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቀን ከሌት በንግግር ስለ ኖረ ነው። እዚያ ዛፍ ሥር አንድ ሰው ሲናገር በሩን አያይም፤ በርም የለው። አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የወረዳው በጀት፣ የውሃው ጉዳይ፣ የነፋስ ኃይሉ ከአይሻ ተነስቶ ለማን እንደሚያበራ፣ በጠረፉ የሚያልፈው ንግድ ቀረጥ የት እንደሚገባ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ይምጣ። የወረዳው አስተዳዳሪም ይጠሩና ይቀመጡ።

የተመደበልኝ ሰዓት አልቋል፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ። የትናንቶቹ ሁለት ወጣቶች ከኋላ ቆመዋል። ስለ ሒጃቡ ነገር ገና አልጨረሱም መሰለኝ፤ ቅድሚያ ለእነሱ ስጧቸው።