አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች ምን እናድርጋቸው?
(ለጠቅላላ ጉባኤ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በቢሯችን ያሉት አምስት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት በነፃ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የእያንዳንዳችን የቁጠባ መዝገብ ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ነገሩን በዝምታ ማለፍ አልቻልንም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል፤ የኛዎቹ አያሟሉም። «አዲስ እንግዛ» ያላችሁ አላችሁ። ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከተዘዋዋሪ ብድሩ ነው፤ ተራ የሚጠብቁትን እናውቃቸዋለን።

ሌላው መንገድ ሊኑክስ ነው፤ ፈቃድ የማይገዛለት ነፃ ሥርዓት። ከዓይነቶቹ አንዱ ሊኑክስ ሚንት በትንሹ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይበቃዋል፤ ለምቾት 4 ጊጋ ራምና 100 ጊጋ ዲስክ ይመከራል። ፕሮሰሰሩ ግን የግድ 64 ቢት መሆን አለበት። በ2 ጊጋ ይነሳል ማለት እንደልብ ያሠራል ማለት አይደለም። ራሙን የሚጨርሰው ሊኑክሱ ሳይሆን ፋየርፎክስ ወይም ክሮም ነው፤ ኢሜይልና ሁለት ሦስት ገጽ ሲከፈት መንቀራፈፍ ይጀምራል። ስለዚህ እኛ ከ4 ጊጋ በታች ያለውን አንቀበልም። ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው የሚንት ገጽታ ለኛ ይስማማል።

ትንሽ ገንዘብ ካለን ቅድሚያ የምንሰጠው የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ለመተካት ነው። ኮምፒውተሩ «አረጀ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ዲስክ ምክንያት ነው። ራም ስትገዙ ዓይነቱን እዩ፤ ዲዲአር 4 በዲዲአር 3 ቦታ አይገባም።

ዋናው ችግር ፒችትሪ ነው። የተሠራው ለዊንዶውስ ነውና ሂሳባችንን ወደ ሊኑክስ አናዛውርም። አንዱ ኮምፒውተር እንዳለ ይቆይ፣ ኢንተርኔቱ ይነቀል፣ ባክአፑም በየሳምንቱ በሁለት ዲስክ ይቀመጥ። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የመዋጮ ሰንጠረዥ በሊብሬኦፊስ ይሠራሉ። አማርኛም ይጻፋል፤ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፉት ፋይሎች ግን ተዘበራርቀው ሊታዩ ስለሚችሉ አስቀድመን በፒዲኤፍ እናስቀምጣቸዋለን።

ሐሳባችን ይኸው ነው፦ 4 ጊጋ ያላቸው ሦስቱ ወደ ሊኑክስ ይዛወሩ፣ አንዱ ለፒችትሪ ይቅር፣ 32 ቢት የሆነው አምስተኛው ለመለዋወጫ ይፈታ። ለኤስኤስዲዎቹ ግዢ የናንተን ውሳኔ እንጠይቃለን። ደጋፊዎቻችንም ያገለገለ ኮምፒውተር ስትለግሱን ከመላካችሁ በፊት 64 ቢት መሆኑንና ራሙን አረጋግጡልን፤ ለማጓጓዣ የምንከፍለው ቀላል አይደለም።

ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሽ ተነስቶ ሊሞከር ይችላል፤ ዲስኩ ላይ ያለውን አይነካም። ፍላሹን ይዘን መጥተናል። ከሻይ በኋላ ጸሐፊዋ ክፍል ያለውን ኮምፒውተር እናስነሳበታለን፤ ፕሪንተሩንና ዋይፋዩን አብረን እንሞክር።